ቁጥር አንድ ከኋላ ነው

ዓርብ ጧት ወንድሜ የግራ ቅንድቡን አቃጠለ። ያቃጠለበት ሞተሩ ነው። እሱ ግን «ለበለበኝ እንጂ አልተቃጠለም» አለ። መስታወት ስላልነበረን የሞተር ሳይክሌን ስፖኪዮ አዞርኩለት። ጎንበስ ብሎ ፊቱን አየና «ኧረ ግማሹ አለ» አለ። ያ የመጨረሻው ደህና ቀናችን ነበር። ለእኔ ግን ቅንድብ የጎደለበት ቀን ብቻ ነበር የመሰለኝ።

ቦታው ዱባይ አጠገብ ያለው ሻርጃ ነው። ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ውስጥ፣ ከአንድ ሽማግሌ ፓኪስታናዊ ጋራዥ ጀርባ፣ ቆርቆሮ ጥላ ሥር። ሽማግሌውን ሁሉም ቻቻ ነው የሚለው፤ በእነሱ ቋንቋ አጎት እንደማለት ነው። ጊዜው የኮሮና ጊዜ ነው። ጋራዡ ሥራ ስለፈታ ቻቻ ጥላውን ለወንድሜ ለቀቀለት። ለወንድሜ ማለት ለሞተሩ። ሞተሩ በብረት እግር ላይ ቆሟል፤ ከጎኑ የውኃ በርሜል፣ ከላዩ የተንጠለጠለ የቤንዚን ጀሪካን አለ። ጉሉኮስ የተተከለለት በሽተኛ ነበር የሚመስለው።

ስለ ሞተሩ ሳልናገር ስለ ወንድሜ መናገር አልችልም። ሞክሬ አይቼዋለሁ፤ አይሆንም።

ወንድሜ ዲግሪ ያለው፣ ሸሚዙን ተኩሶ የሚለብስ፣ በአንድ አየር መንገድ የጭነት ቢሮ ውስጥ የሚሠራ ሰው ነበር። ዱባይ፣ ኢንተርናሽናል ሲቲ ነበር የሚኖረው። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ነጥብ ስላልመጣልኝ እሱ አስመጣኝ። በሞተር ሳይክል ምግብ አደርሳለሁ። የምኖረው አጅማን፣ አል ኑዓይሚያ፣ ቤድ ስፔስ ውስጥ ነው። ቤድ ስፔስ የገባ ሰው ክፍል አይከራይም፤ የሚከራየው ፍራሽና ፍራሹን የሚያክል አየር ነው። አውሮፕላኖቹ ሲቆሙ ወንድሜን «ስንጠራህ ትመጣለህ» ብለው ወደ ቤት ሰደዱት። ቤቱን ለቀቀና ወደኔ መጣ። ከኔ በላይ ያለው አልጋ ክፍት ስለነበር እዚያ ወጣ። ዲግሪ ያለው ሰው ከላይ፣ የሌለው ከታች።

አብረውት ከሥራ የቀሩት ሰዎች በመጨረሻው ደመወዛቸው አንዱ ሩዝ በጆንያ ገዛ፤ አንዱ ወደ አገር መመለሻ ትኬት ያዘ። ወንድሜ ሞተር ገዛ። መኪና የሌለው ሞተር። ሻርጃ ካለ የአሮጌ ዕቃ ግቢ ውስጥ፣ በፍሪጅና በልብስ ማጠቢያ መካከል ተጋድሞ አገኘው።

«ወንድም ጋሼ፣ መኪናውስ?» አልኩት።

«መኪናውማ አለን» አለ።

እውነቱን ነው፤ አለን። ደብረ ብርሃን፣ እናታችን ግቢ ውስጥ፣ አንድ አሮጌ የእንግሊዝ መኪና አለ። አባታችን አገሩ ሊገባ ከተነሳ አንድ ፈረንጅ ነው የገዛው። ሲገዛው ሞተሩ ተነቅሎ ተሸጦ ነበር። አባባ የጭነት መኪና ሞተር እገጥምለታለሁ እያለ ሳይገጥምለት ሞተ። እንግዲህ አባቴ ሞተር የሌለው መኪና ገዛ፤ ወንድሜ መኪና የሌለው ሞተር ገዛ። ቤተሰባችን ሙሉ መኪና ገዝቶ አያውቅም።

እናታችን መኪናውን የዶሮ ቤት አድርጋዋለች። ዶሮዎቹ ከኋላ ወንበር ላይ ይጥላሉ፤ አውራው መሪው ላይ ያድራል። ከሰፈሩ ሁሉ የተሻለ የዶሮ ቤት ነው ትላለች። ዝናብ አይገባበትም፤ ሸለምጥማጥም የእንግሊዝ በር መክፈት አይችልም። ወንድሜ ልጅ ሆኖ የቤት ሥራውን እዚያ ውስጥ ነበር የሚሠራው። ደብተሩ ሁሉ ኩስ ነበረበት። እኛ የዶሮ ቤት እንላለን፤ እሱ ስሙን፣ ዓመቱን፣ ስንት ማይል እንደሚሮጥ ነበር የሚናገረው። ያን የጎደለውን ሞተር አገኘሁ ብሎ ነው እንግዲህ። ሠርቶት፣ አስነስቶት፣ በመርከብ ጭኖ ሊወስድ።

ጧት ጧት፣ ፊቱን ሳይታጠብ፣ ከላይኛው አልጋ ላይ ሆኖ ያነበንባል።

«በአንድ መስመር ስድስት ሲሊንደር። ሦስት ሺህ አራት መቶ አርባ ሁለት ሲሲ። የሲሊንደሩ ስፋት ሰማንያ ሦስት ሚሊ ሜትር፤ የፒስተኑ ጉዞ መቶ ስድስት። ብሎኩ ብረት፣ ቴስታታው አሉሚኒየም። ሰባት ዋና ኩሽኔታ። ከላይ ሁለት ካምሻፍት። ሁለት ካርቡራተር። መቶ ስድሳ የፈረስ ጉልበት። የእሳት ተራው አንድ፣ አምስት፣ ሦስት፣ ስድስት፣ ሁለት፣ አራት። ቁጥር አንድ ከኋላ።»

ዳዊት የሚደግም ነበር የሚመስለው። የክፍሉ ሰዎች መጀመሪያ ተቆጡ፤ በኋላ ለመዱት። አንድ ኬንያዊ ጎረቤታችን ሌሊት ፈረቃ ሠርቶ ሲገባ «ዛሬ ፈረሶቹን ቆጠራችኋቸው?» ይላል።

እኔ ከታች ሆኜ አላስተርፈውም ነበር።

«መቶ ስድሳውን ፈረስ ማን ቆጠረው?»

«ፋብሪካው።»

«ራሱ ነጋዴው?»

ይስቃል። በኋላ የነገረኝ ነው፦ እንግሊዞች በዚያ ዘመን ጉልበቱን የሚለኩት ማርሚታውን አውልቀው፣ ማራገቢያውን ፈትተው፣ ሞተሩን ከሸክሙ ሁሉ አሳርፈው ነበር። መኪናው ውስጥ ሲገባ ፈረሶቹ ይቀንሳሉ። ባርኔጣ አድርጎ ቁመቱን እንደሚለካ ሰው ማለት ነው።

ስለ ስፋቱም ጠይቄዋለሁ። ሲሊንደሩ ለምን ጠባብና ረጅም ሆነ? ድሮ እንግሊዝ አገር የመኪና ግብር የሚከፈለው በሲሊንደሩ ስፋት ነበር አለኝ። ስለዚህ አጠበቡት፤ የጎደለውን ወደ ላይ አስረዘሙት። ኋላ ግብሩ ቀረ። ማጥበቡ ግን ልማድ ሆኖ ቆየ።

«ታዲያ ይሄ ሞተር ነው ወይስ ግብር የሚሸሽ ነጋዴ?»

«ሁለቱንም ነው። ለዚያ ነው የምወደው።»

ብሎኑ በኢንች ነው። የኛ መፍቻ በሚሊ ሜትር ነው። አንዱ ይሰፋል፣ አንዱ አይገባም። ቻቻ በየቀኑ እየመጣ ጺሙን እያሻሸ ያየናል። አረብኛው የኛን ያህል ነው፤ ማለት የተሰባበረ። «ጃፓኒ፣ ዘይን» ይላል። ጃፓን ጥሩ ነው። «እንግሊዚ፣ ሙሽኪላ።» እንግሊዝ ችግር ነው። ይህን ብሎ ይሄዳል። ከኢንጂነር ሁሉ የሱ ግምገማ አጭር ነበር።

የኔ ሞተር ሳይክል አንድ ሲሊንደር አላት። በሷ ነው የምንበላው። የሱ ስድስት አለው፤ እኛን ነው የሚበላው። ይህንንም ብዬዋለሁ። ያላልኩት የለም።

አንድ ቀን ጁሜይራ ምግብ ሳደርስ እንደዚያ ያለ መኪና አየሁ። ሙሉ መኪና፤ ሞተርም ዶሮ የሌለበት ወንበርም ያለው። የቆመበት ጋራዥ ኤሲ አለው። በር የከፈተችልኝ የኛ አገር ልጅ ነበረች። ስመለከተው አየችና «እሱን ነው የምታየው? ማዳም በዓመት አንዴ እንኳ አትነካውም። እኔ ነኝ በየቀኑ የምወለውለው። ዋላሂ፣ ከኔ የበለጠ ዕረፍት አለው» አለችኝ። ይህን ለወንድሜ ስነግረው ስለ ልጅቷም ስለ ኤሲውም አልጠየቀኝም።

«ሲነሳ ሰማኸው?» አለኝ።

ያኔ ነው የገባኝ። ያን ሁሉ ቁጥር በቃሉ የሚያውቀው ሰውዬ፣ ድምፁን አንድ ቀን ሰምቶት አያውቅም። የዶሮ ቤት ድምፅ የለውም። ቪዲዮ አይቷል፤ በስልክ ግን ሁሉም ሞተር አንድ ነው፤ ያሳላል። በጆሮዬ ልስማው ነበር የሚለው። እማዬንም ላሰማት። ከዚያ ወዲያ ሌላው ባይሆንም ግድ የለም።

መሃል ላይ ኮሮና ያዘው። ወስደው ለይተው አስቀመጡት፤ ድኖ ተመለሰ። ከቫይረሱ ነፃ ነህ የሚል ወረቀት ሰጡት። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ውስጥ ይዞት ይዞር ነበር፤ ማንም ግን አሳየኝ አላለውም። ከዚያ ወዲህ ትንፋሹ አጠረ። ስድስት ሲሊንደር እያነበነበ በሁለት ሲሊንደር ነበር የሚተነፍሰው። ይህንን ግን አላልኩትም። እሱ ራሱ ነው ያለው።

ወደ ዓርቡ ልመለስ።

ሁሉም ነገር ተገጥሞ አልቋል። ወንድሜ ማስኩን አገጩ ላይ አውርዶ ካርቡራተሩ ላይ አጎነበሰ፤ እኔ ሞተሪኖውን፣ ማስነሻውን ማለት ነው፣ ሰጠሁት። ሞተሩ ዞረ። አላሳለም፣ አልተነሳም፤ በካርቡራተሩ በኩል እሳት ተፋ። ቅንድቡ ያኔ ነው የሄደው። ደግመን ሞከርን። ደግሞ ተፋ። ቻቻ ከውስጥ ጮኾ «እንግሊዚ!» አለ። ሌላ ነገር መጨመር አላስፈለገውም።

ባትሪው እየደከመ ሲመጣ ተቀመጥን። ወንድሜ ላቡን እየጠረገ ዝርዝሩን በቃሉ ጀመረ። አንድ፣ አምስት፣ ሦስት…

«ቁጥር አንድ ከኋላ» አልኩ እኔ። ለማሾፍ ነው። መጨረሻውን ሁልጊዜ አብሬው ነበር የምለው።

ቆጠራውን ትቶ ሞተሩን አየ። የካንዴላ ሽቦዎቹን አየ።

እዚህ ላይ ማስረዳት አለብኝ። አገር ቤት ያለ መካኒክ ሁሉ ሲሊንደር የሚቆጥረው ከፊት፣ ከራዲያተሩ በኩል ነው። አባታችንም እንደዚያ ይቆጥር ነበር። የዚህ ሞተር ፋብሪካ ግን አንድ ብሎ የሚጀምረው ከኋላ፣ ሾፌሩ ካለበት በኩል ነው። ወንድሜ እሳት የሚያከፋፍለውን ዲስትሪቢዩተር መጽሐፉ እንዳለው አስቀመጠው። ሽቦዎቹን ግን እጁ እንደለመደው ከፊት ጀምሮ ሰካቸው። እሳቱ በሙሉ የሚደርሰው ለተሳሳተው ሲሊንደር ነበር። በየቀኑ ጧት ቁጥር አንድ ከኋላ እያለ የሚያነበንበው እሱ ራሱ ነው።

«ወንድም ጋሼ» አልኩት፣ «ግዕዙን ሳይሰማ የሚደግም ዲያቆን አይቼ አውቃለሁ። አንተን ግን…»

«ዝም በል አንተ።»

«ዲግሪህን መልስላቸው።»

ሳቀ። በጣም ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ሄደ፤ ሳሉ ሲያቆም እንደገና ሳቀ። «የአባባ ልጅ ነኛ!» አለ። «ከፊት! ከፊት ብሎ አስተምሮኝ!»

ሽቦውን ወዲያው ማዞር ይቻል ነበር፤ ባትሪው ግን ሞቷል። ቻቻ ቻርጀር ላይ ሰካልን። «ቡክራ» አለ፤ ነገ። ለወንድሜ ደግሞ ጣቱን ወደ ፊቱ ጠቁሞ «ነገ ሌላኛውን ቅንድብ» አለው።

ከመውጣታችን በፊት እማዬ ሚስኮል አደረገች። እሷ ትደውልና ትዘጋለች፣ እኛ መልሰን እንደውላለን። ወንድሜ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጎ ደወለ።

«እማ፣ ነገ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሺ ሚስኮል አድርጊ፤ አሰማሻለሁ።»

«ምኑን?»

«ሞተሩን ነዋ።»

«እኔ የልጅ ለቅሶ አሰማኝ እላለሁ፣ አንተ ሞተር ታሰማኛለህ?»

«ይሄም ያለቅሳል እማ።»

«ካመጣኸው ዶሮዎቼን የት ላደርጋቸው ነው?»

«ከፊት ወንበር ላይ። እኔ እነዳለሁ፣ እነሱ ይቀመጣሉ።»

«አፈር ብላ!» አለች፤ እየሳቀች ነው። «ደግሞ ድምፅህ ደክሟል። በልተሃል?»

«በልቻለሁ።»

አልበላም ነበር። ስለዚህ አል ኑዓይሚያ ስንደርስ ዳቦና ወተት ገዛን። የሕንፃችን ሊፍት ላይ ከሁለት ሰው በላይ አይገባም የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ታች ሰልፉ በር ድረስ ወጥቷል፤ ሁሉም እግሩን ወለሉ ላይ የተለጠፈው ክብ ላይ አድርጎ፣ ተራርቆ ቆሟል። ወንድሜ ሰልፉን አየና «ስድስት ሲሊንደር አይሰለፍም» አለ። በደረጃው ሄደ። እኔ ዳቦውን ይዤ ቆየሁ።

ላይ ስደርስ የለም። እኔ ቀደምኩ። ምን እንደምለው እያሰብኩ በር ላይ ጠበቅኩት። አልመጣም። በደረጃው ወረድኩ።

ከኛ ወለል ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ መታጠፊያው ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። ማስኩን ወደ አገጩ አውርዷል። ያረፈ መሰለኝ።

«ወንድም ጋሼ፣ ባትሪ አለቀ?» አልኩት።

ለሱ የተናገርኩት የመጨረሻ ነገር እሱ ነው። ሰምቶት ይሁን ሳይሰማው አላውቅም። ቢሰማው ይስቅ ነበር፤ ስለዚህ አልሰማውም ማለት ነው።

አምቡላንስ መጣ። ነጭ የለበሱ ሰዎች ወሰዱት። ሆስፒታሉ ውስጥ አንድ ሐኪም ከሩቅ ቆሞ፣ ሳንባው ውስጥ ደም ረግቶ ነው፣ በሽታው ካለፈም በኋላ እንዲህ ይመጣል አለኝ። እኔ ወረቀቱን ከኪሱ ውስጥ አውጥቼ ሰጠሁት። ነፃ ነው ይላል እኮ አልኩ። ሐኪሙ አነበበው። በመጨረሻ አንድ ሰው አነበበለት። ከዚያ መልሶ ሰጠኝ።

ለአጎቴ ደወልኩ። የእማዬ ወንድም ነው፤ ደብረ ብርሃን ነው የሚኖረው። ነገርኩት። መጀመሪያ ያለው «እናትህ ሰምታለች?» ነው።

«አልሰማችም።»

«እንዳትነግራት። ሞት በስልክ አይነገርም። በስልክ የሚነገረው የበርበሬ ዋጋ ነው።»

መርዶ እንዴት እንደሚነገር አውቃለሁ። ሰዎች ተሰብስበው ገና ጎሕ ሲቀድ ይሄዳሉ፤ ሲገቡ ፊታቸው ይናገራል፤ የሚይዛት ይይዛታል፤ ብቻዋን ሆና አትሰማም። ዘንድሮ ግን ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ክልክል ነው። አጎቴ በስልክ ላይ ሆኖ ሰው መምረጥ ጀመረ። እሱ አንድ። የንስሐ አባቷ ሁለት። አክስቴ ሦስት። ጎረቤቷ አራት። ከጀርባው የአክስቴ ባል «እኔስ?» ሲል ይሰማኛል። «አንተ በር ላይ ትቆማለህ» አለው አጎቴ። መርዶ በኮታ ሆነ።

«ማስክ አድርገን ስንገባ ብታየንስ?» አለች አክስቴ፣ እያለቀሰች። «ምን መጣ ትላለች።»

«አትልም። ሁሉ ሰው አድርጓል» አለ አጎቴ። ከዚያ ቀስ ብሎ «እንደውም ይሻላል። ፊታችንን አታይም» አለ።

ሌላም ችግር ነበር። የንስሐ አባቷ ነገ ቅዳሴ አላቸው፤ የሚወጡት ሲያልቅ ነው። ስለዚህ ጎሕ ሲቀድ አይሆንም። እሷም ቤተ ክርስቲያን መግባት ስለተከለከለ አጥሩን ተሳልማ ትመለሳለች፤ ከነሱ ቀድማ ቤት ትገባለች።

«ጋሼ፣ ስትመለስ ሚስኮል ታደርጋለች። ሞተር አሰማሻለሁ ብሏታል።»

«ምን?»

«ሞተር።»

አጎቴ ስለ ሞተሩ አያውቅም ነበር። ነገርኩት። እንዲህ ባለ ሰዓት ስለ ስድስት ሲሊንደር ማስረዳት ምን እንደሚመስል… ብቻ ነገርኩት።

«ካልደወልኩላት ትጠረጥራለች» አልኩ።

«ደውልላት።»

«እሱን ስጠኝ ብትለኝስ?»

«ሥራ ገብቷል በላት።»

«ሥራ የለውም ጋሼ። ማንም ሥራ የለውም።»

«እንግዲህ አንተ ታውቃለህ ልጄ። እኛ እስክንደርስ ብቻ አቆያት። ብቻዋን እንዳትሰማ።»

ሌሊቱን አልጽፈውም።

ቅዳሜ ጧት የዴሊቨሪ ጃኬቴን ለብሼ፣ ባዶውን የምግብ ሣጥን ከኋላ አስሬ ወደ ሻርጃ ነዳሁ። ያን ጊዜ ማንም የማያስቆመው ሰው ምግብ የያዘ ሰው ነበር። ቻቻ በር ላይ ቆሞ ጥርሱን እየፋቀ ነው። ወደ ኋላዬ አየ።

«አኹ ወይን?» አለኝ። ወንድምህስ?

አረብኛዬ ትንሽ ነው። «ማፊ» አልኩት፤ የለም። ወተት ሲያልቅም የምለው እሱኑ ነው። ሌላ ቃል አልነበረኝም። «አኹ ኸላስ» አልኩ፤ ወንድሜ አበቃ።

ቻቻ መፋቂያውን ከአፉ አወጣ። ወደ ውስጥ ገባና ባትሪውን ራሱ ተሸክሞ መጣ። ለሱ ዕድሜ ከባድ ነው። ልቀበለው ስል በክርኑ ገፋኝ። ገጠመው። ስለ እንግሊዝ ምንም አላለም።

ሽቦዎቹን ነቀልኩ። የፊተኛውን ከኋለኛው፣ ሁለተኛውን ከአምስተኛው፣ ሦስተኛውን ከአራተኛው ጋር አቀያየርኩ። እጄ ሁለት ጊዜ ከፊት ሊጀምር ነበር። ድምፅ አውጥቼ «ቁጥር አንድ ከኋላ» አልኩ። የሚመልስልኝ የለም። ቻቻ የበርሜሉን ውኃ አየ፤ የጀሪካኑን ክዳን ላላ አደረገ።

ስልኩ አንዴ ጠርቶ ቆመ። እማዬ ናት።

ያንን ስልክ መልሼ ስደውል ድምፄ እንዴት እንደሆነ አላውቅም። «እማ» አልኩ።

«እሱስ? ሞተርህን አሰማኝ በለው፤ እግሬ መሬት ሳይረግጥ መጣሁ።»

«እጁ…» አልኩ። እጁ ዘይት ነው ልል ነበር። አልወጣልኝም። «ስሚ እማ፣ አሁን ነው» አልኩና ስልኩን የዕቃ ሣጥኑ ላይ አስቀመጥኩት። ሞተሪኖውን ሰጠሁት።

መጀመሪያ ዞረ። ከዚያ አንድ ጊዜ አሳለ፤ ጥቁር ጭስ በጆሮዬ በኩል አለፈ። ከዚያ ተነሳ።

ይሄን ሁሉ ወር ስሰድበው ኖሬ ጥሩ ድምፅ ነበረው። ጥሩ ድምፅ ባይኖረው ደስ ባለኝ። ማርሚታ የለውም፤ ቆርቆሮው ሁሉ ይንቀጠቀጣል፤ ከሥሩ ግን አንድ ወፍራም፣ ያልተቆራረጠ ነገር ነበር። ስድስቱ አንድ ሆነው። ቻቻ እጁን የሞተሩ አናት፣ ቴስታታው ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ።

ስልኩን አንስቼ ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት።

«ወፍጮ ቤት ነው እንዴ!» ትላለች እማዬ። «ተነሳ? ይሄ እሱ ነው?»

«እሱ ነው እማ!»

«አባታችሁ ይሄን ሳይሰማ! እሰይ! እሰይ የኔ ጌታ! በለው፣ አንተ፣ እሰይ ብላሃለች በለው!»

ከዚያ እልል አለች። እናቴ ለምርቃቱም እንዲህ አላለችም፤ ያኔ ሰው ነበርና አፈረች። አሁን ብቻዋን ናት። እልል አለች፤ እንደገና እልል አለች። ዶሮዎቹ ሲንጫጩ ይሰማኛል።

«ቆይ» አለች። «በር ተንኳኳ። አትዝጋው።»

በሩ ሲከፈት ሰማሁ።

«እንዴ፣ አጎትህ ነው! አባም አሉ! ምነው፣ እልልታዬን ሰምታችሁ ነው? ኑ፣ ግቡ፣ ኑ ስሙልኝ! ልጄ የሠራው ነው! አንተ፣ እንዳታጠፉት፣ እነሱም ይስሙ!»

ስልኩን ወደነሱ ዘርግታለች። የኛ ሞተር ድምፅ በእናቴ ግቢ ውስጥ ዞሮ ወደኔ ሲመለስ ይሰማኛል። ከዚያ ሌላ ምንም የለም። አራት ሰው ማስኩን አድርጎ ቆሞ ሞተር እየሰማ ነው። ማንም አይናገርም። የንስሐ አባቷም አይናገሩም። እሷ ብቻ «አይገርምም? አይገርምም?» ትላለች።

ጀሪካኑ ግማሽ ነው። ቤንዚኑ እስኪያልቅ ሊሄድ ይችል ነበር። ይሄ ሞተር እስከሚሠራ ድረስ ማንም አፉን አይከፍትም፤ አፋቸውን እስካልከፈቱ ድረስ ደግሞ ወንድሜ ሻርጃ ነው፣ እጁ ዘይት ነው፣ እናቱ እሰይ ብላዋለች። ትንሽ ተውኩት። ምን ያህል እንደተውኩት አላውቅም። ቻቻ ዓይኑን ገልጦ አየኝ።

አጎቴ ከሩቅ «ልጄ» አለ። ሌላ አልጨመረም።

ብቻዋን አልነበረችም። የተባልኩት እሱን ነው። እስኪደርሱ አቆያት ነው የተባልኩት፤ ደርሰዋል።

አጠፋሁት። ስልኩን ግን አልዘጋሁትም።